ፖሉን አጥፋልኝ

ሳሎኔ ውስጥ ፏፏቴ አለ። ከመርካቶ ነው የገዛሁት፤ ባለ መስታወት፣ ባለ ወርቅማ ፍሬም። ከፏፏቴው ጎን ጣሪያው የሾለ የእንጨት ቤት፣ ከቤቱ ጀርባ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከሥር አንገታቸውን የቆለመሙ ሁለት ነጫጭ ዳክዬዎች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሱ ፊት እንጀራ ቆርሻለሁ። የት አገር እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

የምኖረው ቂሊንጦ ነው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። የሳሎኔን መጋረጃ ብገልጠው የረር ተራራ ጋቢውን እንደተከናነበ ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ግን ብርሃኑ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳያንጸባርቅብኝ መጋረጃው ሁሌም ዝግ ነው። ዓይን ያለኝ ሰው፣ የረርን በጨርቅ ጋርጄ፣ ስሙን የማላውቀውን የሰው አገር ተራራ እያየሁ ራቴን እበላለሁ።

ትስቃላችሁ? የራሳችሁን ግድግዳ እዩ።

ይህን ጉዴን ያሳዩኝ ብሎካችን ውስጥ የሚኖሩ አንድ ሰዓሊ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ አይወዱም። ሰፈሩ ሁሉ "ጋሼ" ይላቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ልጆች ሥዕል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። አሁን የሚሥሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልክዓ ምድር። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ማቆሚያውን በትከሻ፣ ቀለሙን በፌስታል ይዘው ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ፣ ገና ያልታጠረ ማሳ ወዳለበት ይወርዳሉ። አሥር ሰዓት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ከየረር ጀርባ ስለምትወጣ ተራራው ጥቁር ጥላ ነው። ከሰዓት ግን ብርሃኑ በፉሪ በኩል ዞሮ ይመጣና የየረርን ፊት ያበራዋል፤ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሸራ የሚሉት አቡጀዲ ነው። በእንጨት ቴላዮ ይወጥሩታል፣ በኮላና በነጭ ቀለም ይደፍኑታል፣ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል። ኮሪደሩ ላይ ስንት ጊዜ የታጠበ አንሶላ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር አንድ ገዢ መጣ። ጥሩ መኪና፣ ጥሩ ጫማ። አዲስ ቤት ሠርቶ ለሳሎኑ የሚሆን ሥዕል ይፈልጋል። ጋሼ አንዱን አወጡለት። የደረሰ ጤፍ፤ ጤፉን ሰንጥቆ የሚሄድ የመብራት ፖል ሰልፍ፤ ከፖሎቹ ኋላ ያላለቁ ብሎኮች፤ ከሁሉም በላይ የረር። ሰውዬው ራቅ ብሎ አየው። ቀረብ ብሎ አየው።

"ያምራል" አለ። "ፖሉን ግን አጥፋልኝ።"

(አባቱ የሚሆኑትን ሰው "አንተ" ማለቱን ልብ በሉልኝ። አንዳንድ ሰው ገንዘብ ሲሞላለት አንቱታ ያጥረዋል።)

"ሕንጻዎቹንስ?" አሉት ጋሼ።

"እነሱንም። በቦታቸው ጎጆ ነገር፣ እንስራ ያዘለች ሴትዮ ብታደርግበት..."

ጋሼ ሥዕሉን አንሥተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። "ፖሉን የተከልኩት እኔ አይደለሁም" አሉ። "ልነቅለውም አልችልም።"

ሰውዬው ሄደ። ብሩም አብሮት ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ፈረደባቸው። "ሞኝ ሽማግሌ!" "ገበያ ሲመጣ በሩን ይዘጋል!" እኔም አልቀረሁም። "ጋሼ፣ ምን ነበረበት ቢያጠፉለት? ፖል እኮ ነው" አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ብሩሻቸውን ማጠብ ቀጠሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ፖል ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ዛሬ ብቻዬንም ቢሆን እናገራለሁ፤ ትክክል ጋሼ ናቸው፤ ሞኞቹ እኛ ነን። ሞኞች ብቻም አይደለን፤ አስመሳዮች ነን።

እስቲ ልጠይቅ። ጎጆ ውስጥ የሚኖር ገበሬ "ፖሉን አጥፋልኝ" ብሎ ያውቃል? ገበሬው'ማ ፖሉ በማሳው ላይ አልፎ፣ ሽቦው ግን ቤቱ ሳይገባለት በኩራዝ ያመሸ ሰው ነው። ፖሉ የሚያስጠላው ማንን ነው? መብራት የበራለትን! ሻወሩን አሙቆ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ በልቶ፣ ሞባይሉን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሶፋው ላይ የተዘረጋውን። ያ ሰው ግድግዳውን ቀና ብሎ ሲያይ አገሩ ንጹሕ እንድትሆንለት ይፈልጋል። ገበሬው ሞፈሩን እንደተሸከመ፣ ሴትዮዋ እንስራዋን እንዳዘለች ለዘላለም እንዲቆሙለት። ወገቧን እንዴት እንዳደረጋት ማን ጠየቃት? እሷ የምትፈልገው ቧንቧ ነው። እኛ የምንፈልገው እንስራዋን ነው።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ደግሞ ብሰናል። ልጁን በገዛ እጃችን ገድለን አንገቱን እናስረዝማለን። ማሳውን አስፋልት አልብሰን፣ ሥዕሉን መስታወት እናለብሳለን።

ቤት አይሠራ እያልኩ አይደለም። ስንት ዓመት ከአከራይ አከራይ የተንከራተትኩ ሰው ነኝ፤ ዕጣ ሲወጣልኝ ያቀለጥኩት እልልታ እስካሁን ይነገራል። ቤቴ የቆመው ጤፍ ላይ ነው፤ አውቃለሁ። ከቤቴ ወዲህ የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚሠሩበት ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ኮዬ ፈጬ አለ። ይኑሩ። የምለው አንድ ነገር ነው። ያደረግነውን እንይ። ሥዕሉ ላይ ሲሆን ለምን እናፍራለን?

ሰዓሊዎችንም አልምርም። ቸርችል ጎዳና የቱሪስት ዕቃ መሸጫዎቹ ጋ ጎራ በሉ። መቶ ሥዕል፣ አንድ ጎጆ። ያው ጎጆ፣ ያው ግራር፣ ያው ቀይ ጀምበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ልጅ፣ ግራር ሥር ተቀምጦ የማያውቅ ልጅ፣ ግራር ከትዝታ ሳይሆን ከሌላ ሥዕል ላይ ይገለብጣል። "ገበያው ነው" ይላል። ገበያው ማን ነው? ቅድም "ፖሉን አጥፋልኝ" ያለው ሰውዬ ነው። አንዱ አጥፋ ይላል፣ ሌላው ሳይባልም ያጠፋል።

የተማረው ወገንስ? እሱ ደግሞ በሌላ በር ያመልጣል። አንድ የሥዕል ዐውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ ስለ ጋሼ ላወራ ሞከርኩ። ወይን የጨበጠ አንድ አዋቂ ከንፈሩን ጣል አድርጎ "መልክዓ ምድር? እሱ'ማ የሆቴል ኮሪደር ሥዕል ነው" አለኝ። ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ። እኔም፣ ይሉኝታ ይዞኝ፣ ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ እስካሁን ታንገበግበኛለች። ይህ ጽሑፍ የሷ ዕዳ ነው።

አብስትራክት አልጠላም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ መጥቶ ረቂቅ ሥዕሉን ይዞ ሲቆም ማንንም አልለመነም። ግን ያው ገብረ ክርስቶስ "ሀገሬ" የሚለውን ግጥም የጻፈ ሰው ነው። በስደት፣ አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ፣ በ1973 ዓ.ም. አረፈ። አገር ለሱ የኮሪደር ጌጥ ነበረች?

"መልክዓ ምድር" የሚለውን ቃል እስቲ ቀስ ብላችሁ በሉት። መልክዕ። የቤተ ክርስቲያን ሰው መልክዐ ማርያም፣ መልክዐ ጊዮርጊስ እያለ የሚደግመው ድርሰት ነው። ከራስ ጠጉር ተነሥቶ እስከ እግር ጥፍር እያንዳንዱን የአካል ክፍል "ሰላም" እያለ ይወርዳል። ቅንድብ አይዘለልም፣ ተረከዝ አይዘለልም። መልክዓ ምድርም የምድር መልክዕ ነው። መልክዕ የሚደግም ሰው ፊት ቆመህ "ጥፍሩን ዝለልልኝ፣ ደስ አይልም" ትላለህ? ፖሉ ጥፍሯ ነው።

ደግሞስ መቼ ጠገብነው? የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎቻችን ከቅዱሱ ጀርባ ቢጫ ወይም ቀይ ቀብተው ያልፋሉ፤ ቅዱሱ የቆመበት አገር አይታወቅም። በዓድዋ ሥዕል ላይም ምድሩ ሠራዊት ማሰለፊያ ነው። ምድር ራሷ ባለ ጉዳይ ሆና ሸራ ላይ የወጣችው ዘመናዊው ትምህርት ከመጣ ወዲህ ነው። አገኘሁ እንግዳ ፓሪስ ተምረው ተመለሱ፤ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ መጥተው በ1950ዎቹ መባቻ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቆሙ። የትናንት ነገር ነው። ሳንጀምረው ሰለቸን?

ጌጥ ነው ለምትሉ ደግሞ ይሄን ስሙ። ፓሪስ አጠገብ ፎንቴንብሎ የሚባል ጫካ አለ። ባርቢዞን የምትባል መንደር ሰፍረው ያንን ጫካ ዛፍ በዛፍ ሲሥሉ የኖሩ ሰዓሊዎች ነበሩ፤ ከፊት ቴዎዶር ሩሶ። መጥረቢያው ሲበዛ ሸራቸውን ትተው ወደ ቤተ መንግሥት አቤት አሉ። በ1861 እ.ኤ.አ. 1,097 ሄክታር በአዋጅ ተከለለ። ለአደን አይደለም፣ ለእንጨትም አይደለም። ለሥዕል! አሜሪካዊው ቶማስ ሞራንም በ1871 እ.ኤ.አ. ከአሳሾች ጋር የሎውስቶን ሄዶ ሥሎ መጣ። ሥዕሎቹ ዋሽንግተን ታዩ፤ በዓመቱ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ምክር ቤቱም ትልቁን ሸራውን በ10,000 ዶላር ገዛው። የኮሪደር ጌጥ ይህን ይሠራል?

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ቂሊንጦ ሲባል ምን ይመጣባችኋል? አትዋሹኝ። እስር ቤት። "እገሌ ቂሊንጦ ገባ" ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። አንድ ሙሉ አገር፣ መረሬ አፈሩ፣ ሽምብራው፣ የረሩ፣ ከደቡብ ብቅ የሚለው ዝቋላ፣ ሁሉም በአንድ አጥር ስም ተጠርቶ ቀረ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ማረሚያ ቤቱ ሲቃጠል 23 ሰው መሞቱን መንግሥት ተናገረ። ያንን ሰማይ የሣለው ማን ነው? ምሳ ዕቃ በጨርቅ ቋጥረው በዚያ መንገድ የሚወርዱ እናቶችን አያለሁ። መንገዱን የሣለው ማን ነው?

ሩሲያ ውስጥ ሣሉት እኮ! ይስሐቅ ሌቪታን በ1892 እ.ኤ.አ. "ቭላዲሚርካ" የሚባል ሥዕል ሠራ። መንገድ ነው። ሜዳ፣ ደመና፣ መንገድ፣ ከርቀት አንድ መንገደኛ። እስረኛ የለበትም። ሰንሰለት የለበትም። ግን መንገዱን የማያውቅ ሩሲያዊ አልነበረም፤ እስረኞች በእግራቸው ወደ ሳይቤሪያ የሚነዱበት ነው። በዚያው ዓመት ሌቪታን ራሱ አይሁዳዊ በመሆኑ ከሞስኮ ተባሯል። ባዶ መንገድ ሥሎ የአንድ መንግሥት ግፍ አሳየ። በደርግ ዘመን ስንቱ ሰዓሊያችን ሞስኮና ሌኒንግራድ ተምሮ መጣ? የሌቪታን መንገድ ትልቅ ጥበብ ከሆነ፣ የእኛ መንገድ ምን ስለሆነ ነው የኮሪደር ሥዕል የሚባለው? በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄው ነው።

አንድ ቀን ጋሼ ማቆሚያቸውን እንደተከሉ ከአንድ ግቢ አንድ ወጣት ጥበቃ እየሮጠ መጣ። የየትኛው ግቢ እንደሆነ ይቅር።

"ምንድነው የሚሥሉት?"

"ተራራ።"

"ፈቃድ አለዎት?"

"ለተራራ?"

ልጁ ግራ ገባው። ስልክ ደወለ። አለቃው መጣ። አለቃውም ስልክ ደወለ። በመጨረሻ "ወደዚያ ዞረው ይሣሉ" ተባሉ። ጋሼ እያሳቁ ነው ያወሩልኝ። እኔ ግን ፍረዱኝ እላለሁ። አዋቂው "ጌጥ ነው" አለ። ጥበቃው "ፈቃድ አለዎት?" አለ። ከሁለቱ ሥዕል የገባው የትኛው ነው? ያ ልጅ ቢያንስ አንድ ነገር አውቋል። ቆሞ የሚያይ ሰው ነገር አለው።

ሕጉም አላየም። ገበሬ ከመሬቱ ሲነሣ ካሳው በቀመር ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ይባዛ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። ጥሩ። ጤፉ ተቆጠረ፣ ሽምብራው ተቆጠረ፣ ባሕር ዛፉ ተቆጠረ። ሰውየው በየማለዳው ደጁ ላይ ቆሞ ያየው የነበረው የረር በስንት ተባዛ? አባቱ የወቃበት አውድማ በስንት? ካሳ ገማቹ ሊቆጥረው አይችልም፤ ሥራውም አይደለም። የማን ሥራ ነው ታዲያ? የሰዓሊ ነው! እሱንም "ጎጆ አስገባበት" እንላለን።

ሰዓሊ ለማ ጉያን አስቡ። ከዚህ ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱን ብትይዙ ቢሾፍቱ ቅርብ ናት። እዚያ፣ በትውልድ አካባቢያቸው፣ ከአየር ኃይል ወጥተው፣ የፍየል ቆዳ ወጥረው የሰውን ፊትና የአገርን ገጽ ሲሥሉ ኖሩ፤ ሙዚየምም አቆሙ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከዘጠና ዓመት በላይ ኖረው ሲያርፉ የሐዘን መግለጫው ጎረፈ። "ትልቅ ሰው አጣን!" ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቢሾፍቱ ስንቴ ሄደናል? ለዓሣ ሄደናል፣ ለመዋኛ ሄደናል፣ ለሠርግ ሄደናል። በሕይወት ሳሉ የሙዚየማቸውን በር ያንኳኳ ከመካከላችን እጁን ያውጣ። የእኔ እጅ ኪሴ ውስጥ ነው።

ያ ሥዕል፣ ፖሉን አጥፋልኝ የተባለው፣ ገዢው መጥቶ ከሄደ በኋላ ሌላ ተመልካች አገኘ። ጋሼ ሊጨርሱት መልሰው ማሳው ዳር አቁመውታል፤ እኔም የዚያን ቀን ሥራ ፈትቼ አብሬያቸው ወርጃለሁ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። የዚያው አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ አሁን ሕንጻ የሚሠራበት ቦታ ላይ የሌሊት ዘበኛ ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

"ወንድሜ፣ አፈሩ ቀልቷል" አሉ።

"እንዴት አባባ?"

"ይሄ መረሬ ነው። ሲደርቅ አመድ ይመስላል፣ ሲረጥብ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ቀይ የለበትም።"

ጋሼ ወዲያው ጥቁርና ሰማያዊ ቀላቀሉ። ሽማግሌው በጣታቸው አየሩ ላይ እየጠቆሙ መቁጠር ጀመሩ። ወደ ማሳው፣ ወደ ሥዕሉ፣ ወደ ማሳው።

"ፖሉም አንድ ጎድሏል።"

"የትኛው?"

"ያ። አውድማዬ ላይ የተተከለው።"

ጋሼ ቀና ብለው ቆጠሩ። እውነት ነው። ሥዕሉ ላይ ስምንት፣ ማሳው ላይ ዘጠኝ። አንዱን የብሎኩ ጥላ ውስጥ ስለሆነ አልፈውታል። ቀጭኑን ብሩሽ አነሡና ዘጠነኛውን ፖል አቆሙት። ሽማግሌው "አዎ፣ እዚያ ጋ" አሉ፤ ተነሥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

አያችሁ? መሬቱ የተወሰደበት ሰው ፖሉ እንዲገባ ይፈልጋል። መሬቱ የደረሰው ሰው ፖሉ እንዲጠፋ ይፈልጋል። ከዚህ በላይ ምን ላስረዳ?

ካሜራ ቢሆን ዘጠኙንም ባንድ ጊዜ ያነሣ ነበር ትሉኛላችሁ። ያነሣል። አንሥቶም መኪናው ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው የሚቀመጡበት ድንጋይ፣ የሚያርሙት ሰው፣ የሚጠብቃቸው ቀለም አይኖርም ነበር።

እኔ ፏፏቴውን አውርጄዋለሁ። ሚስማሩ ያው ነው። የጋሼን ሥዕል ገዝቼ እዚያው ሰቀልኩት፤ ክፍያውን በየወሩ እየቀነስኩ ነው። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን "የውጪው አልበቃ ብሎህ ፖል ቤት አስገባህ?" ብላ ሳቀችብኝ። መጋረጃው ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍት ነው። ሥዕሉ ላይ ዘጠኝ ፖል አለ። በመስኮት ስቆጥርም ዘጠኝ ነው። ጤፉ ያለው ሥዕሉ ላይ ብቻ ነው፤ ማሳው በጥር ታጠረ።